400 ዓመት የሞላው ቤታችን አይደለም

ይድረስ፦ የአያቶቼን ቤት በማስታወቂያ ለምትሸጡ የጉዞ ሰዎች፣ ማስታወቂያውን አምናችሁ መንዝ ውስጥ ጓሳ ዳር ድረስ ለምትመጡ እንግዶችም

ጤና ይስጥልኝ።

ባለፈው ጥር ቤቱ ውስጥ ነበርኩ። ማለዳ ነው። ውጭ ውርጩ ሣሩን ነጭ አድርጎታል። አንድ እንግዳ በሩን ጎንበስ ብሎ ገባ፤ መቃኑ ግንባሩን ለጥቂት ሳተው። ምሰሶውን አየ፣ ጣሪያውን አየ፣ ጥግ ያለውን ጎታ አየ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ "ዙፋኑ የታለ?" አለኝ።

የቀለደ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ ግን አልሳቀም። ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። የቤታችን ፎቶ ነው፤ አመሻሽ ላይ የተነሳ፣ እውነት ለመናገር የሚያምር ፎቶ። ከሥሩ "የ400 ዓመት ታሪክ ያለው የመንዝ ነገሥታት ማረፊያ" ይላል። ሰውየው ይህን አምኖ ነው ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያ ጣርማ በር፣ ከዚያ ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ ሲንገጫገጭ የመጣው። ዙፋን ሲፈልግ ዓይኑ ያረፈበት ነገር ደግሞ የእማማ መደብ ነው። ጭቃ ነው። ላዩ ላይ ባና ተነጥፎበታል። እማማ (አያቴን ነው) እዚያ ላይ ተቀምጣ ስታዝዝ የማስታውሰው ዶሮዎቹን፣ እኛን የልጅ ልጆቿንና አልፎ አልፎ ባሏን አባባን ነው።

ማስታወቂያውን ያወጣውን ድርጅት ስም አልጠራም። ደውዬላቸዋለሁ። "ለእናንተም እኮ ገበያ ነው" አሉኝ። ገበያስ ገበያ ነው፤ እንግዳ በዝቶልናል። ግን ውሸት ነው። ይባስ ብሎ እውነተኛውን ታሪክ ሸፈነው። 400 ዓመት ገደማ የሚቆጠርለት ነገር እኮ እዚያው አለ። በቤቱ መስኮት ይታያል። ቤቱ አይደለም እንጂ።

በቤቱ ልጀምር፣ እሱ አጭር ነው።

ቤቱ የተሠራው በ1954 ዓ.ም. ነው። አባቴ የተወለደው በዚያው ዓመት ስለሆነ አንሳሳትም። ድንጋዩን ከተዳፋቱ ላይ ፈንቅሎ ያወረደው አባባ ነው፤ ግድግዳውን በደቦ አቆሙት። መንዝ ብርድ አገር ስለሆነ ቤቱ ወፍራም ድንጋይ ነው፣ በሩ ዝቅ ያለ፣ መስኮቱ ትንሽ። በታች በኩል ያለው ክፍል በጎች የሚያድሩበት ጋጣ ነበር። አሁን እናንተ ሻወር የምትወስዱበት ነው። (ይቅርታ፣ ማወቅ ካልፈለጋችሁ ይህችን መስመር ዝለሏት።) እማማ ካረፈች በኋላ ቤቱ ባዶውን ቀረ። እኛ የልጅ ልጆች ለጥምቀትና ለፋሲካ እየሄድን እንሰበሰብበት ጀመር። ቀስ በቀስ የጓደኛ ጓደኛ መጣ፣ ወፍ የሚያዩ ሰዎች መጡ፣ ጭላዳ የሚያጠኑ መጡ፣ ቤቱ የእንግዳ ቤት ሆነ። ንጉሥ አድሮበት አያውቅም። እርግጥ የሸዋ ነገሥታት ዘራቸውን የሚቆጥሩት ከመንዙ ነጋሢ ክርስቶስ ነው፤ አገሩ ስለ ነገሥታት የሚያወራው አያጣም። የኛ ቤት ግን ከዚያ ወሬ ውስጥ የለበትም።

የቤቱ ታሪክ ያለው ክዳኑ ላይ ነው።

ግድግዳው ካለቀ በኋላ አባባ ሁለት ክረምት ያለ ደህና ክዳን አሳልፏል። በገብስ አገዳ ሸፍኖት ያፈስ ነበር። እማማ ይህን ስታወራ እስከ መጨረሻው ድረስ ትናደድ ነበር፤ "አራስ ሆኜ ድስት ደርድሬ ጠብታ ስቀበል ከረምኩ" ትላለች። አስቡት እንግዲህ። ከቤቱ በራፍ ተነስታችሁ ትንሽ ብትራመዱ ጓሳ ነው። ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን መሬት፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ላይ የተዘረጋ፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ ሣር የሞላበት። ቦታው ስሙን ያገኘው ከሣሩ ነው። ለቤት ክዳን ደግሞ ከጓሳ የሚስተካከል የለም፤ ረጅም ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ውኃ አያስገባም። አባባ ማጭድ ነበረው፣ ጉልበት ነበረው፣ አህያ ነበረው። ሁለት ዓመት ግን አላጨደም።

ለምን? ጓሳ ተዘግቶ ነበራ።

የዘጋው መንግሥት አይደለም። ፓርክም አልነበረም፣ አጥርም የለውም። የዘጋው አገሬው ራሱ ነው። ሥርዓቱ ቄሮ ይባላል። (በኋላ በዜና ከሰማችሁት ቄሮ ጋር አታምታቱት።) እንደሚነገረው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የነበረ ነው። መሬቱን ያቀኑት አስቦና ጌራ የሚባሉ ሁለት አባቶች ናቸው፤ ጓሳም ለሁለት ተከፍሎ የአስቦና የጌራ ተባለ። ዘሩን ከእነሱ የሚቆጥር ባለ ርስት ሁሉ የድርሻው ተጠቃሚ ነው። ተጠቃሚዎቹ አለቃ ይመርጣሉ። አለቃው ሣሩን እያየ "ይዘጋ" ሲል ለሁሉም ይዘጋል። ማጨድም የለ፣ ከብት ማሰማራትም የለ፣ ለማገዶ ቁጥቋጦ መቁረጥም የለ። ብዙ ጊዜ ተዘግቶ የሚቆየው ከ3 እስከ 5 ዓመት ነው። ሣሩ ሲደርስ ይታይና ይከፈታል፤ ያኔ አገሩ ሁሉ ማጭዱን ይዞ ይወጣል። ክፉ ቀን ከመጣ፣ ድርቅ ከሆነ፣ ከብቱ ሊያልቅ ሲል ለግጦሽ ይከፈታል። ባንክ በሉት። የባንኩ ገንዘብ ሣር ነው።

ደንቡን የጣሰ ይቀጣል፣ ቅጣቱም የዋዛ አልነበረም። አባባን ግን የያዘው ቅጣት ብቻ አይመስለኝም። ተዘግቶ ሳለ የታጨደ ጓሳ ቤትህ ላይ ቢወጣ የት ትደብቀዋለህ? ክዳን ነው እኮ። ከሩቅ ይታያል። አገሩ ሁሉ አሮጌ ሣር ለብሶ ያንተ ቤት ብቻ እንደ አዲስ ሽልንግ ሲያብረቀርቅ፣ እሑድ ቅዳሴ ላይ የማን ዓይን ታያለህ?

ጓሳ ሲከፈት አባባ ከደነ። ያ ክዳን ሲሠራ አላየሁም፣ አልተወለድኩም። ኋላ ግን ሲከደን አይቻለሁ፤ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ወጋግራው ከምሰሶው ጫፍ ወደ ግድግዳው ይወርዳል። በላዩ ማገር ይጠመጠማል። ማሰሪያው ራሱ ጓሳ ነው፤ ሁለት ሰው ፊት ለፊት ሆኖ ሣሩን እየጨመረ ይገምደዋል፣ መዳፍ ይልጣል። ከዚያ ሣሩ ነዶ ነዶ እየሆነ ከታች ወደ ላይ ይደረደራል፣ የላይኛው የታችኛውን ጫፍ እየሸፈነ። ከላይ ያለው ከዳኝ እግሩን ማገር ላይ አጣብቆ "ወርውር!" ይላል፣ ከታች ያለው ነዶውን ይወረውራል። ሲያልቅ ጠርዙ እንደ ፀጉር ይከረከማል። ለአንድ ሳምንት ቤቱ የሜዳ ሽታ ይሸታል። ከዚያ እማማ እሳቷን ታነዳለች፣ ጭሱ ከውስጥ በኩል ሣሩን ያጠቁረዋል፤ ዕድሜ የሚሰጠውም እሱ ነው። ጭስ የማይነካው የሣር ክዳን ቶሎ ይበሰብሳል። እናንተ እንግዶች "ጭሱ አስቸገረን" ስትሉን ዝም የምንለው ለዚህ ነው።

ጓሳ ክዳን ብቻም አይደለም። ገመድ ነው፣ መጥረጊያ ነው። ገሳም ነው፤ በክረምት እረኛ ከራሱ እስከ ጉልበቱ የሚደፋው የሣር ካባ። ልጅ ሳለሁ ገሳ አጥልቀውልኝ በጎች ኋላ ተልኬ አውቃለሁ። ዝናቡ ከውጭ ይንቆረቆራል፣ ውስጡ ደረቅ ነው። የምትራመድ ጎጆ ማለት ናት። አሁን በቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለችውን አይታችሁ "ዲኮር" ያላችሁት እሷን ነው።

እዚህ ላይ ሥርዓቱን እንዳላሳምረው አንድ ነገር ልናገር። ቄሮ ለሁሉም እኩል አልነበረም። ከአስቦና ከጌራ ዘር ያልተቆጠረ ሰው ድርሻ የለውም። አባባ ከሌላ አገር የመጣ ሰው ነው። ሣሩን ያገኘው በሚስቱ ወገን በኩል ነው፤ ይህንንም አማቾቹ ሳያስታውሱት የቀሩበት በዓል አልነበረም ይባላል። ስለዚህ የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ፣ ርስት ቀረ ሲባል፣ በዚህ ቤት ውስጥ ሁለት ዓይነት ፊት ነበር። እማማ አዘነች። አባባ ደስ አለው። ሁለቱም ልክ ነበሩ።

ርስት ሲቀር ቄሮም አብሮ ወደቀ። ሥርዓቱ የቆመው በርስት ላይ ነበርና። ሥልጣኑ ወደ ገበሬ ማኅበር ሄደ። ትናንት የሚጠብቀውን ዛሬ የሚጠብቅለት ሰው የለም፤ "ካላጨድኩ ሌላው ያጭደዋል" የሚለው ሐሳብ ገባ። ጓሳ ዳር ዳሩ ታረሰ፣ ሣሩ ሳይደርስ ይታጨድ ጀመር። ደስ ብሎት የነበረው አባባም ቢሆን ነገሩን አይቶ ዝም አለ። የቤቱ ክዳን ሲያረጅ የሚተካው ረጅም ሣር ጠፋ። በ1980ዎቹ ውስጥ አባቴና ወንድሞቹ ተዋጥተው ቆርቆሮ አለበሱት።

የቆርቆሮውን ዘመን እኔም አስታውሰዋለሁ። ቀን ይጋግራል፣ ማታ ያንቀጠቅጣል። በረዶ የጣለ ዕለት ደግሞ ሰው ከሰው አይሰማማም፤ እማማ "ዛሬም ከበሮው ተጀመረ" ትል ነበር። ጎረቤቱ ቆርቆሮውን እንደ ሀብት ነው የሚያየው፣ በእርግጥም ነበር። እሷ ግን አንድም ቀን አልወደደችውም።

የዚህ ታሪክ ደስ የሚለኝ ክፍል ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ሥርዓቱ ሞቶ አልቀረም። በጓሳ ዙሪያ ያሉ ቀበሌዎች ተወካዮቻቸውን መርጠው ኮሚቴ አቋቋሙ። አሁን የዘር ቆጠራ የለም፤ ነዋሪ ከሆንክ ድርሻ አለህ። መዝጋትና መክፈት ተመለሰ፣ ጠባቂ ቆመ፣ ቅጣት ተጻፈ። ኋላም ክልሉ ጓሳን የማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታ ብሎ በሕግ አወቀው። አባባ በሕይወት ኖሮ ቢሆን ምን ይል እንደነበር አስባለሁ። የአማቾቹ ደንብ ተመልሶ መጣ፣ አማቾቹ ግን በሩ ላይ የሉም።

ማጨድ ተፈቅዶ ተራችን ሲደርስ ቆርቆሮውን አወረድነው። እማማ ያኔ ዓይኗ ደክሟል። ሣሩ ሲወጣ ውጭ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነዶውን በእጇ እየዳበሰች "ይሄ ደርሷል፣ ይሄ አልደረሰም" ትል ነበር። ያልደረሰውን ለይታ አስመለሰችው። ፎቶ ያነሳችሁት ክዳን ያ ነው። አሥርና አሥራ ምናምን ዓመት እንጂ 400 አይሞላም።

አሁን ወደ መስኮቱ ልመልሳችሁ።

በምሥራቅ በኩል ያለውን መስኮት ስትከፍቱ መሬቱ ድንገት ያልቃል። ገደል ነው። ከታች ቆላው፣ ከዚያ ወዲያ ወደ አፋር የሚሄደው ጭጋግ። በዚህ በኩል የሚወርደው ውኃ ወደ አዋሽ ይሄዳል፤ በጀርባ በኩል የሚወርደው ወደ ዓባይ። ማለዳ ፀሐይ ገደሉን ስትነካው ጭላዶቹ ካደሩበት ይወጣሉ። ዝንጀሮ እንዳትሏቸው፤ እነሱ የሚኖሩት ሣር ግጠው ነው። መሬት ላይ ዘፍ ብለው፣ በመቀመጫቸው እየተንፏቀቁ፣ በሁለት እጅ ሣር እየነጩ ቀኑን ይውሉታል። ደረታቸው ላይ ፀጉር የሌለበት ቀይ ቆዳ አለ። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ተመራማሪዎች እዚያው ጓሳ ላይ እየተከታተሏቸው ነው።

ዕድለኛ ከሆናችሁ በመንጋው መሐል ቀይ ቀበሮ ታያላችሁ። በዓለም ላይ የቀሩት ከ500 በታች ናቸው፣ ሁሉም ኢትዮጵያ ውስጥ። ቀበሮው በጭላዶቹ መሐል በቀስታ ነው የሚሄደው፤ ግልገሎቻቸውን አይነካም፣ እነሱም አይሸሹትም። የሚፈልገው አይጥ ነው። ተመራማሪዎቹ ቆጥረውታል፦ ቀበሮው ብቻውን ሲያድን ከ100 ሙከራ 25ቱ ይሳካሉ፣ ጭላዳ መሐል ሆኖ ሲያድን ግን 67። ምክንያቱ ምናልባት ጭላዶቹ ሣሩን ሲነካኩ አይጦቹ ስለሚደናገጡ፣ ወይም ቀበሮውን ከመንጋው ለይተው ስለማያዩት ይሆናል። እኔ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያየሁት። ጆሮውን ቀስሮ ቆመ፣ ዘለለ፣ ዋጠ። ሁለት እርምጃ ያህል ራቅ ብላ የተቀመጠችው ጭላዳ ቀና ብላ እንኳ አላየችውም።

ይህ ሁሉ የተረፈው ሣሩ ስለተረፈ ነው። ሣሩ ደግሞ የተረፈው አባባ ሁለት ክረምት ስላፈሰሰበት ነው፤ እሱና እንደሱ ያሉ ሰዎች። "ሰው ያልነካው ተፈጥሮ" ብላችሁ ስትጽፉ እዚህ ላይ ነው የሚቆጨኝ። ሰው ነክቶታል እንጂ! በማጭድ ነክቶታል፣ ተዉ ሲባልም ትቶታል።

ስለዚህ ጥቂት ነገር እለምናችኋለሁ።

ውሻ ይዛችሁ አትምጡ። ይህን የምለው ለበጎቹ ብዬ አይደለም። ቀይ ቀበሮን ከሁሉ በላይ የሚጨርሰው ከውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ባሌ ተራሮች ውስጥ ዌብ ሸለቆ ላይ ገብቶ የነበሩትን አብዛኛውን ገድሏል። ጓሳ ያሉት ደግሞ ለመጥፋት የሚበቃ እንጂ ለመትረፍ የሚበቃ ብዛት የላቸውም። ውሻችሁ ክትባት ቢኖረውም ከተማ ይቆይ።

ለጭላዳ ብስኩት አትወርውሩ። ቅርብ የሚመጡላችሁ ስለማይፈሯችሁ ነው፣ ስለራባቸው አይደለም።

ጓሳ በድብቅ የሚሸጥላችሁ ሰው ካጋጠማችሁ አትግዙ። ይህን የጨመርኩት አንድ እንግዳ "ለሎጄ ክዳን አንድ አይሱዙ ጓሳ ባገኝ ስንት ይሆናል?" ብሎ ጎረቤታችንን ስለጠየቀው ነው። ጎረቤታችን ሽማግሌ ናቸው፤ ሁላችንም አያ ነው የምንላቸው። ሰውየውን ከእግር እስከ ራሱ አዩትና "ልጄ፣ ተዘግቷል" አሉት። እሱም "የት ነው የሚከፍቱት ቢሮ?" ሲል ጠየቀ። አያ እስከ ዛሬ ይህን ለሰው ሁሉ ያወራሉ።

ታሪኩን ከማስታወቂያ ሳይሆን ከእሳቸው ስሙ። ቁልፉ ያለው እሳቸው ጋ ነው፤ ስትቀበሉ አትቸኩሉ። ቡና አፍሉላቸውና ስለ ቄሮ ጠይቋቸው። ለጊዜያቸው የሚገባውን ክፈሉ፣ እንደማንኛውም አስጎብኚ። ከመነሳታችሁ በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑንም በስልክ ከእሳቸው አረጋግጡ።

እናንተ የጉዞ ሰዎች ደግሞ ማስታወቂያውን አስተካክሉልኝ። ምን ብለን እንጻፍ ካላችሁ ይኸው፦

"የገበሬ ቤት፣ መንዝ፣ ጓሳ ዳር። በ1954 ዓ.ም. የተሠራ። በሩ ዝቅ ስለሚል ጎንበስ ይበሉ። ሌሊት ይበርዳል፣ ጋቢ ይዘው ይምጡ። ዙፋን የለም። በምዕራብ በኩል ክዳኑ ትንሽ ያፈስሳል፤ ጓሳ ሲከፈት ይጠገናል።"

እስከዚያ ድስቶቹ መደርደሪያው ሥር ናቸው።

ከአክብሮት ጋር፣
ከቤቱ የልጅ ልጆች አንዱ